አሥራ አራት ነጭ አዝራሮች

የአእምሮ ሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል በር ላይ የምትቆመው ፈታሽ የማትነካካው ዕቃ የለም። ብርቱካን ትጨምቃለች፣ ዳቦ ትገምሳለች፣ የሳሙና ማስቀመጫ ከፍታ ታሸታለች። የጫማ ማሰሪያ፣ ቀበቶ፣ መስታወት፣ ክር ያለው ሹራብ ሁሉ እሷ ጋ ይቀራል። ልብስ ሰፊዋ አያት ስትመጣ ግን ፌስታሉን ከላይ ከላይ ታይና፣

«ይግቡ እማማ፣ ይግቡ። የእርስዎንማ ስፌት ማን ይፈትሻል!» ትላታለች።

አያትየዋ ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። አርባ ዓመት የሰው ልብስ ስትሰፋ ኖራ ዓይኗ ቢደክምም እጇ አልደከመም። ለልጅ ልጇ ያመጣችውን ሰማያዊ ጋዋንም ራሷ ናት የሰፋችው። መቀነት ክልክል ነው ሲሏት ያለ መቀነት፣ ፊት ለፊቱ በአዝራር የሚገጥም፣ ታችኛው እጥፋቱ ሦስት ጣት የሚሆን አድርጋ ሠራችው።

«እጥፋቱን ሰፋ ያደረግሁት፣ ስታድጊ እንድለቅልሽ ነው» አለቻት ስትሰጣት። ልጅቷ ሃያ ዓመት ሞልቷታል። ለቀልድ ነበር፤ ልጅቷ ግን ዞራም አላየቻት። ያን ሰሞን የሚያስቃት ነገር አልነበረም።

ሚጢጢ ነበር የምትላት። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ አያቷን «እማዬ» እያለች፣ ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች አደገች። ከወር በፊት ደግሞ ቤት ውስጥ የተገኘውን ክኒን ሁሉ ውጣ መሬት ላይ ተዘርራ ተገኘች። አያትየዋ የዚያን ቀን ነገር በስሙ ጠርታው አታውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ጨጓራዋን ነው» ትላለች። ለራሷ እንኳ፣ ብቻዋን ሆና፣ «ያመማት ጊዜ» ነው የምትለው።

ነርሷ ግን እንዲህ አልነበረችም። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም አስቀምጣ፣ ወንበሯን ወደ ልጅቷ ጠጋ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«የምትነግሪኝን ነገር ለሰው አላወራም። ለእሳቸውም ቢሆን፣ አንቺ ካልፈቀድሽ አልናገርም። ሕይወትሽን የሚነካ ነገር ከሆነ ግን ብቻዬን ይዤው አላድርም፤ ለሐኪሙም ለሥራ ባልደረቦቼም እነግራለሁ። መናገሬን ደግሞ አስቀድሜ ለአንቺ ነው የምነግርሽ። ከጀርባሽ የምሠራው ነገር አይኖርም።» ቀጥላ ወደ አያትየዋ ዞረች። «እማማ፣ ከእርስዎም የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ያዩትን አይደብቁን።»

«ምን እደብቃለሁ ልጄ! ምን አለኝና!» አለች አያትየዋ። በልቧ ግን «ይቺ ደግሞ፣ ሕይወት ሕይወት የምትለው ምን አድርጊ ብላ ነው? የረሳችውን ልታስታውሳት ነው?» ብላ ቅር ተሰኘች።

እያደር ግን ወደደቻት። ሲስተር ጠዋት ጠዋት መጥታ ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ምንም አትጠይቅም፣ ሰዓቷንም አታይም፤ እንዲሁ አብራት ዝም ትላለች። ስትነሣ «ነገም እመጣለሁ» ትልና በማግስቱ በዚያችው ሰዓት ከተፍ ትላለች። ማታ ክኒን ሲታደል ደግሞ እያንዳንዷ ታካሚ በውኃ ትውጥና አፏን ከፍታ ታሳያለች። ይህን ሁሉ ለአያትየዋ የነገረቻት ከልጅቷ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ሴትዮ ናት። ከወሬ የሚያመልጣት ስለሌለ ክፍሉ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። እሷም ስሟን ወዳዋለች።

«እማማ፣ የዛሬውን ዜና ልንገርዎ?» ትላለች ገና ከበሩ። «የልጅዎ ልጅ ሾርባዋን ግማሽ ጠጥታለች። ዳቦውን እኔ በልቻለሁ። ዜናችን በዚህ ተፈጸመ።»

ነገሩ የጀመረው በዚያው በሾርባው ነው። እሑድ ነበር፤ ጠያቂ የሚገባው እሑድና ሐሙስ ነው። ሬዲዮ እጇን እያወናጨፈች ስታወራ የልጅቷን ሳህን ገፋችውና ሾርባው ጋዋኑ ላይ ተደፋ።

«ውይ! አምጪው፣ አውልቂው፣ ይዤው ልሂድ» አለች አያትየዋ።

«ይቅር እማዬ። እዚሁ አጥበዋለሁ።»

«በምን ልታጥቢው? በዚያች ጣት በምታህል ሳሙና? የኔ ልጅ ቅባት ለብሳ ልትቀመጥ?»

«ይቅር አልኩሽ እኮ!»

ልጅቷ ጋዋኑን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። ፊቷ አመድ መሰለ። አያትየዋ በሽታው ነው ብላ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች፣ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ፈትታ ከላይዋ ላይ ወሰደችው። ሐሙስ አጥባና ተኩሳ ልትመልስላት ቃል ገብታ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ጋዋኑን ውኃ ውስጥ ከመንከሯ በፊት፣ እንደ ልማዷ እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ልብስ ሰፊ እጥፋት ሳይዳስስ አያጥብም፤ መርፌ ይረሳል፣ ስፒል ይረሳል። ጣቷ በስተቀኝ በኩል ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘ። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም። መነጽሯን አድርጋ ስፌቱን አየችው። ክሩ የእሷ አልነበረም፤ ከአንሶላ የተመዘዘ ይመስላል። ስፌቱ ግን የእሷ ነው፤ ከላይ የማይታየው፣ ከጨርቁ አንዲት ክር ብቻ እየለቀመ የሚሄደው ስውር ስፌት። ለሚጢጢ ያስተማረቻት በአሥር ዓመቷ ነው፣ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ። መርፌውን ከየት እንዳገኘች እንጃ።

ፈታችው። በስስ ላስቲክ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ነጭ ክኒኖች ጭኗ ላይ ወደቁ። የየማታው ክኒን ነው፤ ልጅቷ አፏን ስታሳይ ከምላሷ ሥር ያቆየችው።

ክው አለች። መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት አልነበረም፤ እሱ ቆይቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣባት እልህ ነበር። በእኔ ጋዋን! በእኔ ስፌት! ስንት ምሽት አምፖል ሥር ተቀምጣ «እንዲህ ነው የኔ እናት፣ ሳብ አታድርጊው» እያለች ያስተማረቻት ነገር ለዚህ ዋለ? ፈታሿ «የእርስዎን ስፌት ማን ይፈትሻል» ስትል ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። ሰምታ ነው። አስባበት ነው። አያቷን መደበቂያ አደረገቻት።

ቀጥሎ ፍርሃቱ መጣ፤ ክኒኖቹን እንደገና ቆጠረቻቸው።

የዚያን ዕለት ለሲስተር ደውላ ብትናገር ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሳችው፤ ሁለቴም አስቀመጠችው። ብናገር ምን ይሆናል? ጋዋኑን ይነጥቋታል። ሌት ተቀን ዓይን ወደማይነቀልበት፣ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ወዳለው ክፍል ያስገቧታል። ማን ተናገረ ትላለች? እማዬ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ታየኛለች? ዝም ብልስ? ይህንን ሐሳብ ግን አልጨረሰችውም።

ስለዚህ እሷ ብቻ ልታስበው የምትችለውን ነገር አሰበች። የአዝራር ቆርቆሮዋን ከፈተች። ከስንቱ አሮጌ ሸሚዝ የተፈቱ ትናንሽ ነጭ አዝራሮች ሞልተውበታል። አሥራ አንድ መረጠች፤ ውፍረታቸውን ከክኒኖቹ ጋር እያስተያየች። በዚያው ላስቲክ ጠቀለለቻቸው፣ ጋዋኑን አጥባ ካደረቀች በኋላ በቦታቸው ከተተቻቸው፤ የልጅቷን የእጅ አጣጣል አስመስላ፣ ትንሽ ወልገድ እያደረገች ሰፋችው። ክኒኖቹን ሽንት ቤት ጣለቻቸው። ስትጨርስ «እንግዲህ ምስጢሯም አልወጣ፣ እሷም አትጎዳ» አለች ለራሷ፤ ትንሽም ኩራት ቢጤ ተሰማት።

ሐሙስ ጋዋኑን ወሰደች። ልጅቷ ተቀበለችው፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፣ ጣቶቿ ቀስ ብለው በእጥፋቱ ላይ ሄዱ። አያትየዋ ብርቱካን እየላጠች በዓይኗ ጠርዝ አየቻት። ጣቶቹ ሲቆጥሩ አየች። ሲጨርሱም አየች። ልጅቷ ቀና ብላ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ጥርሷ እስኪታይ።

«ዓይንሽ እኮ ደክሟል እማዬ» አለቻት፣ ጉንጯን እየሳመቻት። «መነጽር ቀይሪ።»

«ሰበር ዜና!» አለች ሬዲዮ ከአልጋዋ። «ሚጢጢ ሳቀች!»

አያትየዋም ሳቀች። ምን ታድርግ? ልጅቷ የሳቀችው ለእሷ አይደለም። የሳቀችው የደበቀችው ስላልተነካባት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ «ኪሱ ላልቷል፣ ላጥብቀው» ብላ ጋዋኑን ጠየቀች። ልጅቷ ሳታመነታ ሰጠቻት፤ ዓይኗ የደከመ አያት ምን ታያለች? ቤት ስትፈታው ሦስት ተጨምሯል፤ የሐሙስ፣ የዓርብና የቅዳሜ። ሦስት አዝራር ተካችበት። ሲደመር አሥራ አራት። በጣቷም ስሌት ሠራች፤ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ጋዋኑ እኔ ጋ ነው፤ መደበቂያ የላትም፤ እነዚያን አራት ቀናት መዋጧ አይቀርም። በሳምንት አራት ክኒን። ከምንም ይሻላል! እንዲህ እያልኩ በየሳምንቱ እየወሰድኩ፣ እየመለስኩ፣ ቀስ በቀስ አድናታለሁ። አሁን ሲያስቡት ያስቃል። ያን ጊዜ ግን የሐኪም ትእዛዝ ያህል አምናበት ነበር።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ጋዋኑን መልሳ ስትወጣ፣ ሲስተር ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻት።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። መድኃኒቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ትንሽ እንኳ ለውጥ ማሳየት ነበረበት። እኔ የማየው ለውጥ የለም። ፈገግታዋም አላማረኝም፤ ከውስጥ አይደለም። ሐኪሙ ከሰኞ ጀምሮ መጠኑን በእጥፍ ሊያደርገው ነው፤ በሚጠጣ መልክ።» ዓይን ዓይኗን እያየቻት ጠየቀች። «ያዩት ነገር አለ?»

አያትየዋ ፌስታሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ምን አያለሁ ልጄ፤ ዓይኔ እንኳ ደክሟል» አለች።

ሲስተር ራሷን ነቀነቀች። «እሺ እማማ። ካዩ ግን ይንገሩኝ። በእርስዎ እተማመናለሁ» አለቻት። አያትየዋ ያቺ ቃል ጀርባዋ ላይ እንደተለጠፈች ቤቷ ገባች። በእጥፍ ማለት ምን ማለት ነው? ሰውነቷ ያልለመደውን? እናገራለሁ አለች። ዓርብ እናገራለሁ። ቅዳሜ እናገራለሁ። ከሰኞ በፊት እሑድ አለ አይደል?

እሑድ ደረሰ። ልጅቷ ጠያቂዎች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን፣ ጋዋኑን ለብሳ ቁጭ ብላለች። የጋዋኑ እጥፋት ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። አያትየዋ እንደተቀመጠች ልጅቷ ከካልሲዋ ውስጥ ጥቅል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አዝራሮቹ እየተንከባለሉ ሄደው ብርቱካኖቹ ሥር ቆሙ።

«ቁጠሪ» አለች ልጅቷ። «አሥራ አራት አዝራር። አንድ ክኒን፤ የሐሙስ ማታው። እሱን አልቀየርሽውም፤ አልደረሰሽም።»

«ሚጢጢዬ…»

«ሚጢጢዬ አትበይኝ። ስስቅ አይተሽኛል አይደል? እያወቅሽ አብረሽኝ ሳቅሽ። ዓይኔ ደክሟል እያልሽ አሞኘሽኝ።»

«ዓይንሽ ደክሟል ያልሽው አንቺ ነሽ!» አለች አያትየዋ። «እኔ ነኝ ያሞኘሁሽ? ያስተማርኩሽን ስፌት ለምን አዋልሽው? በእኔ ስም በር ላይ ማን ነው ያለፈው? ከስንት ሰው መርጠሽ እኔን! እኔን መጋረጃ አደረግሽኝ!»

«አንቺ ጋ ያለ ነገር ሁሉ የሚደበቅ ነዋ! ጨጓራዋን ነው ትያለሽ ለሰው። እናቴ የሞተች ጊዜ መንገድ ሄዳለች አልሽኝ። አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሽ ነው አላልሽኝም። አንድ ቀን!»

ጩኸታቸው ኮሪደሩን አለፈ። ሲስተር መጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ አንዷንም «ዝም በይ» ሳትል፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጠረጴዛውን አየች። አዝራሩን አየች፣ ክኒኗን አየች፣ የተፈታውን እጥፋት አየች። ነገሩን ለመረዳት ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ክኒኗን አንሥታ ኪሷ ከተተች።

«እጥፋቱን የፈታሽው መቼ ነው?» አለቻት ልጅቷን።

«ዓርብ። ከሰዓት በኋላ።»

«ልትውጪው ነበር? ልትሞቺ?»

አያትየዋ ዘላ ተነሣች። «አንቺ ሴትዮ! አፍሽን አልያዘውም እንዴ? እንዲህ ያለ ቃል ለታመመ ልጅ ይነገራል?»

ሲስተር ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አልነቀለችም። ጠበቀች።

«አዎ» አለች ልጅቷ። «አዎ። አፌ ውስጥ ከተትኩት። አንዱን ስነክሰው አዝራር ሆነ።» ከዚያ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች፤ አያትየዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ።

አያትየዋ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ሸሸቻት። የያዘችው የሲስተርን እጅጌ ነው። እንግዳዋን ሴትዮ፣ ያንን ቃል የተናገረችውን።

ልጅቷ ትንሽ ረጋ ስትል ሲስተር ተናገረች። «ይህን ለሐኪሙ አሁኑኑ እነግረዋለሁ። እንደምነግረው ቃል ገብቼልሽ ነበር። የነገው መድኃኒትም ይቆማል፤ እንደ አዲስ ይታያል። ዛሬ ከአጠገብሽ ሰው አይለይም። ለቅጣት አይደለም።» ከዚያ ወደ አያትየዋ ዞረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሐሙስ ጠይቄዎት ነበር፣ እማማ።»

ብትቆጣት በተሻላት። ብትሰድባት መልስ አታጣም ነበር።

«ዋጋዬ ይሄ ነው?» አለች አያትየዋ። «ያዳንኳት እኔ ነኝ! አዝራሩ ባይኖር ኖሮ…»

«ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አውቃለሁ። ከሰኞ በኋላ ሊሆን የነበረውንም አውቃለሁ። መድኃኒቱን ትወስዳለች ብለን ነው በእጥፍ ልንሰጣት የነበረው።»

ልጅቷ ፊቷን ጠረገች። «እንድትመጣ አልፈልግም» አለች ለሲስተር፤ አያቷ ፊት ለፊቷ እያለች፣ እንደሌለች ሰው። «መከልከል እችላለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ትችያለሽ።»

«ያሳደግኳትን?» አለች አያትየዋ። «ሲስተር፣ እንዴት ትችያለሽ ትያታለሽ?»

«ትችላለች፣ እማማ። እኔ ደግሞ እስክትፈልግዎ ድረስ ደኅና መሆኗን እነግርዎታለሁ፤ እሷ ከፈቀደች።»

አያትየዋ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ለቀመች። አሥራ ሦስት አገኘች። አንዱ ወዴት እንደተንከባለለ አላየችም።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መጥታ ከበሩ ውጭ ያለችው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ጀመር። መግባት እንደማትችል ታውቃለች፤ ቤት መቀመጥ ግን አልሆነላትም። ፈታሿ አሁን ፌስታሏን ገልብጣ ታራግፋለች፤ የእያንዳንዱን ልብስ ስፌት በጣቷ ትዳስሳለች። ዓይኗን ግን አታያትም። አንድ ቀን ብቻ፣ ፒጃማ እየዳሰሰች፣

«እማማ፣ በእርስዎ ምክንያት ተገምግሜያለሁ» አለቻት።

«አውቃለሁ ልጄ» አለች አያትየዋ፤ ሌላ ምን ትበል?

ሬዲዮ አንዳንዴ በበሩ መስታወት ብቅ ትልና አፏን ብታንቀሳቅስም ድምፅዋ አይሰማም። አንዴ አውራ ጣቷን ቀጥ አደረገች፣ ሌላ ጊዜ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሲስተር ደግሞ በየሳምንቱ ወጥታ አንድ ዓረፍተ ነገር ትሰጣታለች። «በላች።» «ተኝታለች።» «እንድነግርዎ የፈቀደችልኝ ይሄንን ብቻ ነው።» አያትየዋ ትቀየማታለች፤ ያም ሆኖ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይዛ ሳምንቱን ትገፋለች።

ሰማያዊው ጋዋን ከሌላ ልብስ ጋር ተጠቅልሎ ወደ ቤት ተመልሶ ነበር። እጥፋቱን ጨርሳ ፈታችው፣ ተረፉን ቆርጣ ጣለችው፤ ጠርዙን ያለ ምንም እጥፋት በግልጽ ክር ዘምዝማ ዘጋችው፤ በቀይ ክር፣ ማንም ከሩቅ እንዲያየው። አስቀያሚ ሆነ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ለፈታሿ ሰጥታ «ዳስሺው» አለቻት።

በአራተኛው ሐሙስ በሩ ተከፈተ። ሲስተር ናት ብላ ቀና ስትል ልጅቷ ናት። ሲስተር ከኋላዋ፣ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ልጅቷ ጋዋኑን ለብሳዋለች፤ ጉልበቷ ጋ አጥሮ፣ ቀዩ ክር ዙሪያውን ይጮኻል። አልሳመቻትም። አልተቀመጠችም።

«ምን ያህል ጊዜ ነው እዚህ የምትቀመጪው?»

«ብዙም አልቆይ።»

«ዋሽተሻል። ሬዲዮ ከጠዋት ጀምሮ ነው ብላኛለች።»

አያትየዋ ይቅርታ ልትል ነበር፤ በላሽ ወይ ልትል ነበር፤ ከሳሽ ልትል ነበር። ልጅቷ ቀደመቻት።

«ጠይቂኝ» አለች።

«ምኑን የኔ እናት?»

«ታውቂዋለሽ ምኑን።»

አያትየዋ ሲስተርን አየች። ሲስተር አልረዳቻትም። አያትየዋ አግዳሚውን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። ሰባ ዓመት አፏ ያልለመደው ቃል ነው።

«ዛሬ…» አለች። «ዛሬ ልሙት ብለሽ አስበሻል?»

ልጅቷ ቆም ብላ አሰበች፤ ለእውነተኛ ጥያቄ እንደሚታሰብ።

«ዛሬ አላሰብኩም» አለች። «ትናንት አስቤ ነበር። ለሲስተር ነገርኳት።»

ትናንት! አያትየዋ ልትጮህ፣ ልታቅፋት፣ ይዛት ልትሮጥ ቃጣት። አንዱንም አላደረገችም። «ስለነገርሽኝ…» ብላ ጀመረች።

«አሁንም አላምንሽም» አለች ልጅቷ።

«እኔም አንቺን» አለች አያትየዋ። ከአፏ እንዴት እንደወጣ እንጃ።

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት። እጇን ኪሷ ከተተች፤ የጠፋውን አንድ አዝራር አውጥታ አግዳሚው ላይ፣ ከአያቷ እጅ ትንሽ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እሑድ አትምጪ» አለች ስትመለስ። «ሐሙስ ነይ። መጥተሽም ጠይቂኝ።»

በሩ ተዘጋ። አያትየዋ አዝራሩን ብድግ አድርጋ በመነጽሯ ሥር አገላብጣ አየችው። ዳር ላይ የጥርስ ምልክት አለበት።